ጭልፊት ብዬ ያለፍኩት

ታኅሣሥ 9 ጠዋት ነበር። ግቢያችን ያለው ቧንቧ ጋ ጀሪካን ተደርድሯል፤ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሌሊት የመጣው ረፋድ ላይ ይሄዳልና ማንም አይዘናጋም። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እንደ ልማዴ ለሃያ ደቂቃ የዕለቱን ወፍ እቆጥራለሁ። ከጎረቤት የመጣች የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ጀሪካኗ እስኪሞላ ወደ ላይ አንጋጣ ቆየችና «ጋሼ፣ ያኛው ጭልፊት ለምንድን ነው አፉ የጠቆረው?» አለችኝ።

ከተቀመጥኩበት ቀና ብዬ አየሁ። የመብራት ምሰሶው ላይ ሁለት ጭልፊቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ለእኔ ሁለቱም ከአናታቸው እስከ ጅራታቸው ጥቁር ናቸው። ተነሥቼ እሷ የቆመችበት ሄድኩ። ከዚያ ሲታይ የአንደኛው ምንቃር እንደ እርድ ቢጫ ነው። የሌላው ጥቁር ነው፤ ሥሩ ላይ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ባለበት፣ ጠባብ ቢጫ ቆዳ አለው።

ደብተሬ ላይ ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ ለስምንት ቀን የተጻፈው አንድ ቃልና አንድ ቁጥር ነው። ጭልፊት 7። ጭልፊት 9። ጭልፊት 6። በዚያ ቃል ውስጥ ስንቱ ባለ ቢጫ ምንቃር የእኛው እንደሆነ፣ ስንቱ ደግሞ ጥቁር ምንቃር ይዞ ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ እንደሆነ ከእንግዲህ ማንም ሊለየው አይችልም። ይህ ነገር ወሩን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ።

እንግዶቹ

ታኅሣሥና ጥር ለእኛ በጋ፣ ለሰሜኑ ዓለም ግን የክረምቱ ልብ ነው። እዚያ መሬቱ በረዶ ሲለብስ ነፍሳት ይጠፋሉ፣ ውሃ ይረጋል፣ ቀን ያጥራል። ወፍ ብርዱን በላባዋ ትችለዋለች፤ ከአገሯ የሚያስወጣት ረሃቡ ነው። ከመስከረም ጀምረው ይመጣሉ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ተጠቃልለው ይመለሳሉ።

ትልልቆቹ አዳኝ ወፎች ክንፋቸውን እያራገቡ ረጅም መንገድ መጓዝ አይችሉም፤ ጉልበቱ አይበቃቸውም። ፀሐይ ካሞቀችው መሬት የሚነሣውን ሞቃት አየር እየተሳፈሩ ሽቅብ ይዞራሉ፣ ከዚያ ቁልቁል ይንሸራተታሉ፣ እንደገና ይሳፈራሉ። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር አይነሣም። ስለዚህ ከእስያ የሚመጡት ብዙዎቹ በየመን ወርደው ቀይ ባሕር በጣም በሚጠብበት በባብ ኤል መንደብ ይሻገራሉ፤ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. በጥቅምትና በኅዳር መጀመሪያ ጅቡቲ ላይ በተደረገ ቆጠራ ከ240,000 በላይ አዳኝ ወፎች ሲሻገሩ ተመዝግቧል፤ ከ70,000 የሚበልጡት የስቴፕ ንስሮች ነበሩ። እነዚህ ንስሮች ዛሬ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወገን ናቸው። የእኛ ሰማይ የጉዟቸው ዋና መንገድ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ግን እንግዳ ለማየት ንስር መጠበቅ አያስፈልግም። ከብት በሚግጥበት ሣር ላይ እየሮጠች ጅራቷን የምትነቀንቀው ቢጫ ሆድ ወፍ፣ ጅራት ነቅናቂዋ፣ ከሰሜን የመጣች ናት። ላሟ ስትራመድ የምታስነሣውን ትንኝና ዝንብ ትለቅማለች፤ ላም ከሌለ ኳስ ሜዳም ይበቃታል። እሷንና ወንዝ ዳር የምትገኘውን ግራጫ ጀርባ ዘመዷን ብዙ ሰው ያምታታል፤ ሁለቱም ቢጫ ሆድ ናቸው። እግር እዩ። የሣሯ ወፍ እግር ጥቁር ነው፤ የወንዟ ደግሞ ነጣ ያለ ሥጋ መልክ፣ ጅራቷም በጣም ረጅም ነው። ቢጫ ጅራት ነቅናቂዎች እንደ ትውልድ አካባቢያቸው ወንዱ ግራጫ፣ ጥቁር ወይም ቢጫ ራስ አለው። በታኅሣሥ ግን አብዛኞቹ የደበዘዘ ላባ ስለሚለብሱ ከየት መጣ ብሎ መወሰን አይቻልም። የካቲት አልፎ መጋቢት ሲገባ ላባቸው ይጠራል፤ ጥያቄውን ለዚያ ጊዜ አቆዩት።

ቁጥቋጦ ባለበት ግቢ ጥቁር ቆብ የደፋ ግራጫ ወፍ ታገኛላችሁ። ወንዱ ነው። ሴቷ ቆቧ ቡናማ ስለሆነ ብዙ ሰው ሌላ ወፍ ናት ይላል። የታጨደ ማሳ ላይ ደግሞ አሸዋ መልክ ያላት፣ ወታደር ይመስል ቀጥ ብላ የምትቆም፣ ስትነሣ ዳሌዋ ነጭ ሆኖ ብልጭ የሚል ወፍ አለች። ገበሬው ጤፍ በሚወቃበት በዚህ ሰሞን ከከተማ ወጣ ሲባል አውድማው አጠገብ እሷን አለማየት ይከብዳል።

«ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» ይባላል። እነዚህ ግን ከአገራቸው ውጭ ናቸውና አብዛኞቹ አይዘምሩም፤ ዝማሬ የወሰንና የትዳር ነገር ነው፣ እዚህ ሁለቱም የላቸውም። የሚያሰሙት አጭር የመጠራሪያ ድምፅ ብቻ ነው። የጥቁር ቆቡ ሁለት ጠጠር ሲጋጭ የሚወጣውን «ጠክ፣ ጠክ» ይመስላል። ዝማሬ ጠብቆ የሚቀመጥ ሰው በታኅሣሥ የሚሰማው ዋኔዋን፣ ቁራውንና ማለዳ እየጮኸ የሚያልፈውን ጋጋኖ ብቻ ይሆናል።

አሥር እርምጃ

ከደረጃው እስከ ቧንቧው አሥር እርምጃ ነው። ልዩነቱን ሁሉ ያመጣው ይህ አሥር እርምጃ ነው።

ደረጃው ከግቢው በምዕራብ በኩል ስለሆነ እዚያ የተቀመጠ ሰው ወደ ምሥራቅ ያያል፤ ጠዋት ፀሐይ የምትወጣው ከምሰሶው ጀርባ ነው። ብርሃን ከወፏ ጀርባ ሲመጣ ቀለም የሚባል ነገር የለም። ቢጫውም ጥቁር፣ ቡናማውም ጥቁር ይሆናል። ቧንቧው ጋ የቆመ ሰው ግን ፀሐይ ጀርባው ላይ ስለምትሆን ምንቃሩን፣ ዓይኑን፣ የአንገቱን ጭረት ሳይቀር ያያል። ልጅቷ ያየችው እዚያ ስለቆመች ነው። እኔ ስምንት ቀን ደረጃው ላይ የተቀመጥኩት ቦታው ስለሚመች ብቻ ነበር።

አሁን የምሠራበት ደንብ ይህ ነው። ቀለም የሚጻፈው ፀሐይ ከጀርባ ስትሆንና ወፉ ከ50 ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ሲሆን ነው። ከዚያ ውጭ የታየ ወፍ ይቆጠራል፣ ቀለሙ ግን አይጻፍም።

ቀለሙ በትክክል ከታየም በኋላ ሥራው አላለቀም። የአፍሪካው ጭልፊት ሲጎለምስ ምንቃሩ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ነው። ጫጩት ሆኖ ከጎጆ ሲወጣ ግን ምንቃሩ ጥቁር ነው፤ ቢጫ የሚሆነው እያደገ ሲሄድ ነው። ስለዚህ ምሰሶ ላይ ያያችሁት ባለ ጥቁር ምንቃር ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ እዚሁ ሰፈር ባሕር ዛፍ ላይ የተፈለፈለ የአምና ልጅም ሊሆን ይችላል። የሚለያቸው ሌላው አካል ነው። የጎለመሰው እንግዳ ራሱ ከአካሉ ነጣ ብሎ ወደ ግራጫ ያደላል፣ ላዩ ላይ ቀጫጭን ጥቁር ጭረት አለው፣ ዓይኑም ፈዘዝ ያለ ነው። የእኛው ጎልማሳ ራሱም አካሉም ተቀራራቢ ቡናማ፣ ዓይኑ ጥቁር ቡናማ ነው። ልጆች ከሆኑ ደረታቸውና ሆዳቸው ላይ ገለባ መልክ ነጠብጣብ ወይም ጭረት ይታያል፤ በክንፋቸው ላይም የላባዎቹ ጫፍ ነጣ ብሎ እንደ ቅርፊት ይደረደራል። የሁለቱም ወገን ልጆች እንዲህ ናቸው። እንግዲህ ምንቃሩ ጥቁር፣ ደረቱ ነጠብጣብ ከሆነ ማንነቱን አትወስኑ።

አንዳንድ የወፍ ዝርዝሮች ሁለቱን እንደ ሁለት ዝርያ፣ ሌሎች ደግሞ እንደ አንድ ዝርያ ቅርንጫፎች ይቆጥሯቸዋል። ለደብተራችሁ ይህ ክርክር ምንም አይቀይርም። ያያችሁትን ነጣጥላችሁ ከጻፋችሁ ስሙ ቢለወጥ እንኳ መዝገቡ ይቀራል።

የታኅሣሥ 9 ገጽ ላይ ከ«ጭልፊት» ጎን ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦ ቢጫ፣ ጥቁር፣ አልታየም። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ የስምንቱን ቀን ቁጥር ምን ላድርገው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ቀላሉ መንገድ የአሁኑን ድርሻ ወስዶ በዚያ ማካፈል ነበር፤ ዛሬ ከአምስቱ ሁለቱ ጥቁር ከሆኑ ያን ጊዜም እንዲያ ነበሩ ማለት። ግን ያ ያላየሁትን አየሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ ከሰሜን የሚመጡት ሁሉ በአንድ ቀን አይገቡም፤ የሚያልፉም አሉ፣ የሚከርሙም አሉ። ልናውቀው የምንፈልገው መቼ መጡ የሚለውን ነው፤ ማካፈሉ ደግሞ ይህንኑ ያጠፋዋል። ስምንቱንም ቁጥሮች እንዳሉ «አልታየም» ዓምድ ውስጥ አስገባኋቸው። ገጹ ላይ ሲታይ ያማል፤ እውነቱ ግን እሱ ነው።

ሃያው ደቂቃ

በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ዓይነት ርዝመት መቁጠር ከሁሉ የሚበልጥ ልማድ ነው። የእኔ ከጠዋቱ 1:00 እስከ 1:20 ነው። በታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12:40 አካባቢ ነው፤ 1:00 ላይ ብርሃኑ ጣራውን ይነካል። ሌሊቱን ውርጭ ስለሚመታቸው ወፎቹ አንቴናና ምሰሶ ላይ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሞቃት አየር መነሣት የሚጀምረው ሦስት ሰዓት አካባቢ ነውና እስከዚያ ጭልፊቶቹ ተቀምጠው ይቆያሉ። ምንቃር ማየት የሚቻለው በዚህ ጊዜ ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ከፍ ብለው ሲዞሩ የሚታየው ቅርጽ ብቻ ነው፤ መንታ የሆነው ጅራታቸው እንኳ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ቀጥ ያለ ይመስላልና ልምድ የሌለውን ሰው ያሳስታል።

የሚዞር ወፍ ሲቆጠር ትልቁ ስህተት መደመር ነው። አንድ ጭልፊት ጣራውን አራት ጊዜ ቢያልፍ አራት ጭልፊት አይደለም። ስለዚህ በአንድ ቅጽበት አንድ ላይ የታየውን ትልቁን ቁጥር ብቻ ጻፉ። 1:05 ላይ አራት፣ 1:12 ላይ ሰባት፣ 1:18 ላይ ሦስት ካያችሁ የዕለቱ ቁጥር ሰባት ነው። ሐይቅ ላይ ዳክዬ ሲቆጠር ሌላ ነው፤ ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ አሥሩን አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ የአሥሩን ስፋት በዓይናችሁ ያዙ፣ በዚያ ልክ መንጋውን እየሰፈራችሁ ሂዱ። ይህን ከመሃል ከጀመራችሁት ትሳሳታላችሁ፤ መሃሉ ብዙውን ጊዜ ከዳሩ የጠበቀ ነው።

ምንም ያልታየበት ቀንም ይጻፋል። ጅራት ነቅናቂዋ ስትጠፋ «0» ማለት ሃያ ደቂቃ ፈልጌ አጣኋት ማለት ነው። ባዶ መስመር ግን ምንም አይናገርም፤ አልነበረችም ይሁን እኔ አልወጣሁም ማን ያውቃል? ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ ደመናውን በሁለት ቃል ጨምሩ። ሣሩ ታጭዶ እንደሆነ፣ ቧንቧው ፈስሶ ጭቃ ሠርቶ እንደሆነ ጻፉ። ታኅሣሥ 13 ላይ ጅራት ነቅናቂዋ ለሦስት ቀን ጠፍታ የተመለሰችው ቧንቧው ሥር ውሃ ያቆረ ቀን ነው፤ በደብተሩ ጎን «ጭቃ» የሚል ቃል ባይኖር ኖሮ አላገናኘውም ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

መዝገቡን ለሌላው እንዲጠቅም ኢበርድ በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ የምትጭኑ ከሆነ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው ሰዓት ነው። የእኛን 1:00 ጠዋት እንዳለ ካስገባችሁት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ወፍ ቆጥራችኋል ማለት ነው፤ 7:00 ብላችሁ አስገቡ። ቀኑም እንደዚሁ ነው፤ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን ዲሴምበር 11 ይሆናል። ሁለተኛው፣ የለያችሁትን ወፍ ሁሉ መዝግባችሁ እንደሆነ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ድንቢጧንና ዋኔዋን ንቃችሁ ከዘለላችሁ «አዎ» አትበሉ። «አዎ» ከተባለ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ወፍ አልተገኘም ተብሎ ይቆጠራልና የእናንተ ስንፍና የወፏ መጥፋት ሆኖ ይመዘገባል።

ግቢ ውስጥ ወፍ እንዲቀርባችሁ ከፈለጋችሁ ከእህል ይልቅ ውሃ ይሻላል፤ በጋው እየገፋ ሲሄድ የሚያጥረው እሱ ነው። የአበባ ማሰሮ ሥር የሚቀመጠው የሸክላ ሰሃን ይበቃል። ጥልቀቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ መሃሉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ፣ ትንንሾቹ የሚቆሙበት ያገኛሉ። ድመት እንዳያደባ ከቁጥቋጦው ሁለት ሜትር ያህል አርቁት። በየቀኑ ውሃውን ድፉ፣ በብሩሽ ፈትጉ፤ ያደረ ውሃ ውስጥ ኩስ ይጠራቀምና በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። የሻገተ እንጀራም አትጣሉላቸው።

መነጽሩ

ባይናኩላር ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁለት ቁጥር ያያል። 8 በ42 የሚለው ስምንት ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው ማለት ነው። 42ን ለ8 ስታካፍሉ 5.25 ይመጣል፤ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 10 በ42 ላይ 4.2 ይሆናል። ማለዳና አመሻሽ ለሚቆጥር ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት ብዙ ነው። ከዚህም በላይ አሥር ጊዜ የሚያቀርበው የእጅን መንቀጥቀጥም አሥር ጊዜ ያጎላዋል። ለጀማሪ 8 በ42 እመክራለሁ።

ብዙ ሰው «መነጽሩ ጥሩ አይደለም» የሚለው ለዓይኑ ስላላስተካከለው ነው። በመጀመሪያ ሁለቱን ቱቦዎች እየከፈታችሁ ወይም እየዘጋችሁ አንድ ክብ ብቻ እስኪታይ አመቻቹ። የቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመሃለኛው መዘውር የሩቅ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ የሱቅ ታፔላ፣ አጥሩ። ከዚያ መዘውሩን ሳትነኩ ግራውን ጨፍኑና በቀኝ ዓይን በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ እያዞራችሁ ያንኑ ጽሑፍ አጥሩ። ቀለበቱ የቆመበትን ቁጥር ያዙ፤ ከዚያ በኋላ የሚሽከረከረው መሃለኛው ብቻ ነው። የዓይን መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የዓይን መደገፊያውን ጎማ ወደ ታች አጥፉት። ወፍ ሲታያችሁ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡ፤ መጀመሪያ መነጽሩን አይቶ ከዚያ ወፏን የሚፈልግ ሰው ቅጠል ብቻ ያያል።

መስታወቱን የሚያበላሸው በነጠላ ጫፍ መጥረግ ነው። የበጋ አቧራ ደቃቅ ድንጋይ ነው፤ ደረቅ ጨርቅ ሲጎትተው ይፈገፍጋል። መጀመሪያ አቧራውን በጎማ መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አስወግዱ፣ ከዚያ ብቻ በመነጽር ጨርቅ ጥረጉ። ከውርጭ ወጥታችሁ ቡና ወደሚፈላበት ክፍል ስትገቡ ቦርሳው ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ተዉት፤ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ እንፋሎቱ ውሃ ይሆናልና።

ወደ ሰው መስኮት፣ ወደ ካምፕ፣ ጥበቃ ወዳለበት ሕንፃ አታነጣጥሩ። ሰው ሲጠይቃችሁ መነጽሩን አውርዳችሁ ስጡትና ወፏን አሳዩት። እኔ ቧንቧው ጋ መቆም ከጀመርኩ በኋላ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ በየተራ አይተዋል። ከመካከላቸው አንዲት እናት ጅራት ነቅናቂዋን አይተው «ይቺማ ከመስቀል በኋላ የምትመጣዋ ናት» አሉ። ማንም ሳይነግራቸው፣ ልብስ ሲያጥቡ እግራቸው ሥር ስለምትሮጥ ያወቁት ነው።

ታኅሣሥ 14 ቅዳሜን ለገፈርሳ ሰጥቼው ነበር። ከከተማው በስተምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ያለው የውሃ ግድብ ጥበቃ ስላለው ፈቃድ ጠይቆ መግባት ያስፈልጋል። ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ውጭ የማይገኘው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ እዚያ ሣሩ ላይ ይግጣል፤ ውሃው ላይ ደግሞ ከሰሜን የመጡት ማንኪያ ምንቃር ዳክዬዎች ከእኛዎቹ ቢጫ ምንቃር ዳክዬዎች ጋር ይቀላቀላሉ። ደስ የሚል ቀን ነበር። ስመለስ ግን የግቢዬ መስመር ባዶ ነው፤ ከሰላሳው ቀን አንዱ ጎደለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነብኝ። ራቅ ያለ ቦታ መሄድ የሚፈልግ ሰው የግቢውን ሃያ ደቂቃ ጨርሶ ይሂድ፤ 1:20 ላይ የሚነሣ ሰው ለገፈርሳ አይረፍድበትም።

ጾሙና በዓሉ

የጭልፊት ነገር ከሰው ማዕድ ተለይቶ አይታይም። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። በእኛ ሰፈር ሁለቱ ሥጋ ቤቶች በጾሙ ይዘጋሉ፤ ጭልፊቶቹም ከዚያ ጣራ ይለቁና ቆሻሻ መሰብሰቢያው ገንዳ አካባቢ ይሰባሰባሉ። ስለዚህ በታኅሣሥ የግቢዬ ቁጥር ሲያንስ ጭልፊት ቀነሰ ማለት አልችልም፤ የሄደበትን ማየት አለብኝ። ገብርኤል ባለፈ ሰሞን በጉ ወደየግቢው መግባት ሲጀምር ሥጋ ቤቱ ጣራ ላይ መመለስ ይጀምራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እስከ ታኅሣሥ 28 አልተመለሱም። የሚያመጣቸው ደሙ ነው።

ገና ጠዋት፣ ታኅሣሥ 29፣ ቆዳው ገና ሳይገፈፍ ሰማዩ ሞላ። ጭልፊት ከኋላ ይመጣል፤ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ዝቅ ይልና በእግሩ ነጥቆ ሳያርፍ ይሄዳል። ትሪ ይዞ ግቢ የሚያቋርጥ ሰው በክዳን ይሸፍን፣ ልጆች ሥጋ በእጃቸው አይያዙ፤ ወፉ ሥጋውን ነው የሚፈልገው፣ ጥፍሩ ግን ጣት ይቀዳል። ድንጋይ መወርወር አያስፈልግም። አንጀቱንና ፈርሱን በአንድ ጥግ ለብቻው ብታስቀምጡላቸው ወደ ሰው አይጠጉም፤ ያን ቀን እንዲህ አድርገን ከአሥር እርምጃ ርቀት፣ ፀሐይ ከጀርባችን ሆና፣ በወሩ ካየሁት ሁሉ የጠራ ምንቃር አየን። ልጅቷ ቢጫዎቹን፣ እኔ ጥቁሮቹን ቆጠርን።

ጥንብ አንሣዎችም ከፍ ብለው ዞረው ሄዱ። ከእነሱ ውስጥ ትንሹ፣ ፊቱ ሮዝ የሆነውና ቄራ አካባቢ ሁላችንም የምናውቀው፣ ዛሬ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል ነው። ለውሻ ተብሎ የሚጣል መርዝ ትልቅ ጠላቱ ነው፤ የሞተውን ውሻ የበላ ጥንብ አንሣም ጭልፊትም አብሮ ይሞታል። በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲታሰብ ከሰማችሁ ዝም አትበሉ።

በጥር መጀመሪያ ሳምንታት በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፤ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያልተቋረጠ ነው። በእኛ አገርም በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በሐይቆቹ ላይ ሲቆጥር የኖረ ነው። የሚፈልግ ሰው በታኅሣሥ ዓይኑን አሠልጥኖ መቅረብ ይችላል።

የወሩን የመጨረሻ ቆጠራ ማታ አደረግሁት። ጭልፊቶች ሊያድሩ ሲሉ ከየአቅጣጫው በአንድ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከ11:30 እስከ 12:20 ድረስ የሚገቡትን ብቻ መቁጠር ነው፣ የሚነሡትን መቀነስ ሳይረሳ። የሰፈሩን ብዛት በትክክል የሚሰጠው ይህ ነው፤ ብርሃኑ ግን ስለሚደክም ምንቃር አይታይም። የገናን ጠዋት ድርሻ ወስጄ በዚህ ላይ ላባዛው አልችልም፤ ወደ ሰው ደፍሮ የሚወርደውና ከሩቅ የሚቆየው አንድ ዓይነት ወፍ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለኝም።

ልጅቷ አብራኝ ቆማ ነበር። እሷ እየቆጠረች እኔ ጻፍኩ።

ታኅሣሥ 30። ባሕር ዛፉ። ከ11:30 እስከ 12:20። ነፋስ የለም። ጭልፊት 23፤ ቢጫ —፣ ጥቁር —፣ አልታየም 23።